የአሻንጉሊቷ ነጠላ

ብርቄ ከደብተሯ መጨረሻ አንድ ገጽ ገንጥላ በሁለት መዳፏ አሸችው። ጨመደደችው፣ ዘረጋችው፣ ደግማ አሸችው። ወረቀቱ እንደ ጨርቅ ልስልስ ሲልላት አንገቷን ወደ ዴስኩ ደፋ አድርጋ ግራ ዓይኗን ጠረገችበት። አጠገቧ የተቀመጠችው ሐረገወይን ወረቀቱ ላይ የቀረውን ቢጫ ነገር አየች።

«ምነው ታፈጥጫለሽ?» አለች ብርቄ በሹክሹክታ።

«ዓይንሽ ብሶበታል እኮ።»

«ጭስ ነው አልኩሽ!»

ከኋላቸው በላቸው አንገቱን አሰገገ። «ብርቄ፣ ዓይንሽ ላይ ቲማቲም ዘርተሻል እንዴ? ሲደርስ ለእኛም አስቀምጪልን!»

«አንተ ፋራ፣ አፍህን ዝጋ!» አለችው ሐረገወይን። በዙሪያቸው ያሉት ሁሉ ሳቁ።

ጥቁር ሰሌዳው ላይ የአበባ ክፍሎችን ይስሉ የነበሩት ጋሼ አስማረ ዞሩ። የሳይንስ መምህራቸውም የክፍል ኃላፊያቸውም እሳቸው ናቸው። ሰኞ ዕለት በሰልፍ ላይ፣ መፈክሩ ከተሰማ በኋላ፣ የዓይን ሕመም የያዘው ተማሪ ሁሉ እስኪድን ወደ ቤቱ እንደሚላክ ለተማሪው የነገሩትም እሳቸው ነበሩ።

«ብርቄ፣ ዓይንሽ ምን ሆነ?»

«ጭስ ነው ጋሼ። የአክስቴ ማድቤት ጭስ አያስወጣም።»

ጋሼ አስማረ ጥቂት አዩዋትና ዓይናቸውን ወደ ሐረገወይን መለሱ። «እውነቷን ነው?»

ሐረገወይን ጉዳዩን ጠንቅቃ ታውቀዋለች። የብርቄ አክስት ገና ጡት ያልጣሉ መንታ ልጆች አሏት፤ የዓይን ሕመም ይዟት ከትምህርት ቤት የተባረረችን ልጅ አንዲት ሌሊት አታሳድራትም፤ በማግስቱ መኪና ላይ አሳፍራ ወደ አገሯ ወደ ትክል ድንጋይ ትሰዳታለች። አባቷ ደግሞ በመስከረም ሲሸኟት፣ «አንድ ጊዜ ከተመለስሽ እንግዲህ ያው ከእኛ ጋር ነሽ» ብለዋት ነበር። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ነው የቀሩት። ከብርቄ ቤተሰብ እዚህ ክፍል የደረሰች ሴት ልጅ የለችም።

«እውነቷን ነው ጋሼ» አለች ሐረገወይን። ምላሷ ከሐሳቧ ቀድሞ ነበር።

«እንግዲያው አክስትሽ ለማድቤቷ መላ ታብጅለት» አሉና ወደ አበባቸው ተመለሱ።

የሐረገወይን እናት ወይዘሮ ይርገዱ ሆስፒታል ውስጥ ቁስል የምታጥብና የምታሽግ ሴት ናት። ሐሳቧ ሁልጊዜ ከክፉ ነገር ፊት ፊት ይሮጣል። በር ሲንኳኳ መርዶ ይመስላታል። ደመና ሲጠቁር የጣሪያው ቆርቆሮ ሲገነጠል ይታያታል። ልጆቿ ከትምህርት ቤት ትንሽ ከዘገዩ በመንገዱ ላይ ያሉትን ጉድጓዶች በሙሉ በሐሳቧ ታዳርሳቸዋለች። ከአልጋዋ ሥር አንድ የቆርቆሮ ሳጥን አለ። ጨው፣ ክብሪት፣ ሻማ፣ ሳሙና ይዟል፤ ከጥቂት ወራት ወዲህ ደግሞ ከአስመራ በመጣ መኪና ላይ የተገኘ ሦስት ጥቅል ሶፍት ተጨምሮበታል።

«ሶፍት ምን ያደርግልናል?» ስትባል፣ «የተቅማጥ በሽታ ቢገባስ?» ትላለች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለማንም እንዳታወሩ። ቀበሌ ከሰማ ዕቃ የደበቀች አሻጥረኛ ይሉኛል።»

ሐረገወይን ከሳጥኑ አንዱን ጥቅል አውጥታ በደብተሮቿ መሐል ከተተችው። በማግስቱ ጠዋት ከክፍሉ ጀርባ ለብርቄ ሰጠቻት።

«ውይ! እንዴት ሸጋ ነው!» ብርቄ ነጩን ወረቀት በጉንጯ ላይ አሳለፈችው። «አጥቤ አስቀምጠዋለሁ።»

«ሶፍት ይታጠባል እንዴ? አንዴ ከጠረግሽበት ትጥይዋለሽ። ከተማ እንዲህ ነው፣ አቦ!»

«ይኼን የመሰለ ነገር?»

«ጣይው አልኩሽ!»

ብርቄ እያዘነች ጣለችው። ከዚያ ወዲያ ግን ለመደችው፤ እየጠረገች ከክፍሉ ጀርባ ካለው የድንጋይ ካብ ማዶ ትወረውረው ጀመር። ብዙም ሳይቆይ የቀረው መሐሉ ላይ ያለው ካርቶን ብቻ ሆነ። ዓይኗም አልተሻላትም፤ ቀኙም ይቀላ ጀመር። ነፋሱ ነጩን ወረቀት እያነሳ እዚያ ያለው እሾኻም ቀጋ ላይ ይሰካዋል። ከሩቅ ሲያዩት ቁጥቋጦው ያበበ ይመስላል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሐረገወይን ቤቷ ስትደርስ ታናሽ እህቷ አበቡ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላለች። አበቡ እዚያው ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ናት። በእጇ የበቆሎ ቆረቆንዳ ይዛለች። ቆረቆንዳው ጸጉርም፣ ዓይንም፣ ቀሚስም አለው፤ ዛሬ ደግሞ ነጠላ ለብሷል። ነጭ፣ ስስ፣ ጫፉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጥለት የተሣለበት ነጠላ።

«ሙሽራ ናት» አለች አበቡ። «ነጠላዋ አያምርም?»

«ከየት አመጣሽው?»

«ከእናንተ ክፍል ጀርባ። ብዙ አለ እኮ! እኔና ጓደኞቼ ለቀምነው። ለሁሉም አሻንጉሊት ደርሷል፤ ለኔ ደግሞ ተርፎኛል።» ከኪሷ አንድ እፍኝ ሙሉ የተጨማደደ ሶፍት አወጣችና፣ ሙሽራዋን ታቅፋ፣ በዚያው ዓይኗን ጠረገች።

ሐረገወይን ቁጢጥ ብላ የእህቷን አገጭ ቀና አደረገች። የግራው ዓይን ሽፋን አብጧል፤ ሽፋሽፍቱ እርስ በርሱ ተጣብቋል።

በዚያው ቅጽበት የውጭው በር ተንኳኳ። እናቷ ናት፤ ከሥራ መጣች። «ጭስ ነው» የሚለው ቃል ሐረገወይን አፍ ውስጥ ተዘጋጅቶ ቆሞ ነበር። አበቡ ቀና ብላ አየቻት፤ አንደኛውን ዓይኗን እንደምንም ከፍታ። ቃሉ ከሐረገወይን አፍ አልወጣ አለ።

ሁሉንም ተናገረች። የብርቄን ዓይን፣ ለጋሼ አስማረ የመለሰችውን መልስ፣ ከሳጥኑ የወሰደችውን ሶፍት፣ ካቡን፣ ቀጋውን። እየተናገረች የእናቷን ጩኸት ትጠብቃለች። ብርጭቆ ሲሰነጠቅ «ኡኡ!» የምትል እናት አሁን ምን ልትል ነው?

ይርገዱ ቦርሳዋን አስቀመጠች። እጇን በሳሙና ታጠበች። አበቡን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወስዳ የዓይኗን ሽፋን በአውራ ጣቷ ቀስ አድርጋ ዝቅ አደረገችው።

«ያምሻል?»

«ያሳክከኛል።»

«ይድናል። ሳይከፋ ነው የደረስንበት።» ዞር ብላ፣ «ሐረግ፣ ብርቄን ጥሪያት። አሁኑኑ» አለች።

ሐረገወይን ባለችበት ቆመች። ይህች የምታውቃት እናቷ አልመሰለቻትም። ነገሩ የገባት ኋላ ነው፦ ይርገዱ ክፉን ነገር በሐሳቧ ስንት ጊዜ አስተናግዳ ሸኝታዋለች፤ እውነተኛው ሲመጣ የት እንደምታስቀምጠው አልቸገራትም።

«ሶፍቱ ሁለት ጥቅል ይቀራል፣ እማዬ። ላምጣው?»

«ተይው። አንዴ ጠርገሽበት የምትጥይው ነገር ነው፤ እኛ ጋ ደግሞ የተጣለ ነገር መሬት ሳይነካ የሚያነሣው አለ። ይልቅ ስትመለሺ አልጋዬ ላይ ያለውን ነጠላዬን አቀብዪኝ።»

ሐረገወይን ብርቄን ይዛ ስትመለስ እናቷ መቀሱን አዘጋጅታ ጠበቀቻቸው። ሐረገወይን ነጠላውን አቀበለቻት፤ በእጥበት ብዛት እንደ ጥጥ ልስልስ ያለ ነው። ይርገዱ ሳታመነታ ቆረጠችው፤ መዳፍ መዳፍ የሚያክል ብዙ ቁራጭ ወጣው።  እናቷ ለቤተ ክርስቲያን የምትለብሰው ሌላ አንድ ብቻ ነው ያላት።

«እትዬ ይርገዱ፣» አለች ብርቄ ከበሩ ሳትገባ፣ «ወደ አገሬ ሊሰዱኝ ነው?»

«ምን ያቆምሻል? ግቢ እንጂ ልጄ።»

ብርቄን አስቀምጣ ዓይኗን በፈላና በቀዘቀዘ ውኃ አጠበችላት፤ የዓይን ቅባት ቀባቻት። ብርቄ እንባዋ መጣ።

«አታልቅሺ! ቅባቱን ታጥቢዋለሽ።»

ብርቄ በእንባዋ መሐል ሳቀች፤ አበቡም ምን እንዳሳቃት ሳታውቅ ሳቀች።

ከዚያ መርፌ ወጣ። የአበቡ ጨርቅ ጫፉ በቀይ ክር፣ የብርቄ በአረንጓዴ ተጠለፈ። «አንዱ በሌላው አይጠርግም፣ ምንም ብትዋደዱ። ማታ ማታ ይቀቀላል፤ ጠዋት ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሰው ሲድንም ጨርቁ አይጣልም» አለች ይርገዱ። ቀጥላ ቢጫና ጥቁር ክር መዘዘች።

«ይኼስ የማን ነው?» አለች ሐረገወይን።

«የኔና ያንቺ። ነገ እኛንም ቢይዘንስ?»

ለብርቄ አክስትም የምትለውን አሰበችበት። «እስኪሻልሽ እዚሁ ነሽ። አክስትሽን እኔ አነጋግራታለሁ። ሐረግ ትምህርቱን እየያዘች ትመጣለች፤ ለፈተናው ትደርሻለሽ። ከዚህ የባሰ ካልመጣ ነው እንግዲህ!»

ብርቄ ተንሸራታ የይርገዱን ጉልበት ሳመች፤ ይርገዱም፣ «ተይ! ፊትሽን አትነካኪ!» እያለች አነሣቻት።

የቀረው የትንንሾቹ ነገር ነበር። ስንቱ ልጅ ለአሻንጉሊቱ ነጠላ ለቅሟል? ዓይናቸው መታየት አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ጋሼ አስማረ እውነቱን ማወቅ አለባቸው።

«ነገ ተራዬን አስለውጬ ልምጣና ልንገራቸው» አለች ይርገዱ።

ሐረገወይን እናቷን አየቻት። ጭኗ ላይ የነጠላው ቅዳጅ ተቆልሏል፤ በቀሚሷ ላይ ክር ተጣብቋል። ከሳጥኑ ስለተወሰደው ሶፍት እስካሁን አንድ ቃል አልተናገረችም።

«አይ እማዬ፤ አንቺ ሥራሽ ግቢ። 'እውነቷን ነው' ያልኳቸው እኔ ነኝ።»

«ቢገርፉሽስ? ከፈተና ቢያግዱሽስ? 'ሶፍቱ ከየት መጣ' ቢሉሽስ? እሺ ደግሞ...» ይርገዱ መርፌዋን ይዛ ቆመች። ሊቆጠር የሚችል ብዙ ስጋት ነበር። አልቆጠረችውም። «ቁርስሽን በልተሽ ሂጂ እንግዲህ» አለች።

በማግስቱ ሐረገወይን ትምህርት ቤት ስትደርስ ግቢው ገና ጭር ብሎ ነበር። በጠዋት ሳትበላ ልትወጣ ስትል እናቷ እጇ ላይ ትኩስ ዳቦ አስቀምጣላት፣ የሹራቧን ቁልፍ እስከ አንገቷ ቆልፋላት ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እማዬ» ብላ ስትወጣ፣ ይርገዱ ይህን ምን አመጣው ብላ ደነገጠች።

ከካቡ ማዶ ወርዳ በእንጨት እየመነቀረች ቀጋው ላይ የተሰካውን ወረቀት አንድም ሳታስቀር አወረደችው፤ ሰብስባም በክብሪት ለኮሰችው። እሳቱ ቶሎ በላው። አመዱን በአፈር ሸፈነች፤ እጇን ቧንቧው ላይ ታጠበች።

የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በበሩ መግባት ጀምረዋል። ከመሐላቸው በላቸው፣ «ሐረግ! ቲማቲሟስ የት ቀረች?» ብሎ ተጣራ።

ሐረገወይን ወደ ክፍሏ አልታጠፈችም። የመምህራኑ ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ አንኳኳች።