ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰው ሟች

ሟቹ በእንጨት ሥራ ቤቱ ወለል ላይ፣ ሰጋቱራ መሃል ተንጋሎ ነበር። የሥራ ቤቱ ባለቤት አንድ ወንድ ልጅ ነው። ጭንቅላቱ ተፈንክቷል፤ የለበሰው እጅጌ ሙሉ ሸሚዝ ግን ነጭና ንጹሕ ነው፤ እስከ እጁ አንጓ ተቆልፏል። መርማሪዋ ስትደርስ ከቅጥነቱ የተነሣ ሚስማር የሚሉት የሥራ ቤቱ አናጺ ካቴና ገብቶለት ጠበቃት። ትናንት ከሟቹ ጋር ተናንቀው እንደነበር የሟቹ እህት አይታለች። ማለዳ አስከሬኑን ያገኙት አባትየውም «ከሱ ሌላ ጠላት የለንም» ብለው ቃላቸውን ሰጥተዋል።

መርማሪዋ ችኩል ሰው አትወድም፤ ራሷም ስትቸኩል ራሷን ትጠላለች። መጀመሪያ ወለሉን አየች። ማሽን የነበረባቸው ሦስት ቦታዎች ባዶ ናቸው፤ የብሎን ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። እህትየዋ ገበያ ጠፍቶ ማሽኖቹ እንደተሸጡ፣ አራት ሠራተኞችም እንደተሰናበቱ ነገረቻት፤ ይህን ስትል ግን ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም። ሚስማር ስለ ጠቡ ሲጠየቅ «የኔና የሱ ጉዳይ ነው» አለ፤ ከዚያ በኋላ ወይ ፍንክች።

ፀሐዩ አናት ይበሳል። አባትየው ግን ወፍራም ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ላብ በላብ ሆነዋል። ቢያወልቁት ይሻላል ብትላቸው ብርድ አለብኝ አሉ።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ደወለላት። ሦስቱንም እዚያው ሥራ ቤት ሰበሰበቻቸው።

«ደሙ ከሥር ያለውን ካናቴራ አርሶታል» አለች። «ከላይ ያለው ሸሚዝ ግን ጠብታ እንኳ አልነካውም። ስለዚህ ሸሚዙን የለበሰው ሞቶ፣ ደሙ ከደረቀ በኋላ ነው። ገዳይ ደግሞ የገደለውን አያለብስም። ያለበሰው ሰው የሚሸፍነው ነገር ነበረው። ሐኪሙ እጅጌውን ሰብስቦ አየ፤ ክንዱ በመርፌ ተበሳስቷል። የገደለው ራሱን የወጋው አደንዛዥ መድኃኒት ነው፤ የተፈነከተው ሲወድቅ ነው። ሸሚዙም የሱ አይደለም፤ ይሰፋዋል።» ወደ አባትየው ዞረች። «አባቴ፣ አሁን ኮትዎን ያውልቁልኝ።»

አባትየው ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈቱ። ከኮቱ ሥር ካናቴራ ብቻ ነበር። ከኪሳቸው መርፌውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። እፍረቱ ፊታቸውን አጠቆረው።

«ማሽኖቼን ሲሸጥ ዝም አልኩ» አሉ። «ሠራተኞቼን በገበያ አሳብቤ አሰናበትኩ። እህቱ ሐኪም ቤት እንውሰደው ስትለኝ ስማችን ይጠፋል ብዬ ከለከልኳት። ዛሬም በሱስ ሞተ ከሚሉኝ ገደሉት ቢሉኝ ይሻለኛል ብዬ ነው።»

«ያልገደለ ሰው ወህኒ እያስገቡ?» አለች መርማሪዋ።

እህትየዋ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

መርማሪዋ የሚስማርን ካቴና ፈታችለት። ትናንት የተናነቁት መርፌውን ሊቀማው ሲል እንደነበር ያኔ ተናገረ።

«ታዲያ ጠዋት ለምን አልነገርከኝም?»

ሚስማር አንጓውን እያሸ አባትየውን አያቸው።

«ጋሼ ማንም የሚያውቅ አይመስላቸውም» አለ በቀስታ። «ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የተሰናበቱትም ያውቃሉ። እሳቸው እንዳያፍሩ ብለን ነው ዝም ያልነው።»

አባትየው ይቅርታ ሊሉት ወደ ሚስማር ዞሩ። ቀና ብለው ሊያዩት ግን አልቻሉም።