የኡልማ ሸለቆ ቅይጥ ዘር

ንጉሥ አርሞን በዘምራን በነገሠ በሰባተኛው ዓመት፣ ሰብል በሚያሸትበት ወር፣ የአገሩ ስንዴ ሁሉ በአንድ ጧት ጠቁሮ ተገኘ። በዘምራን ሕግ በአንድ ማሳ ሁለት ዓይነት እህል መዝራት በሞት ያስቀጣ ስለ ነበር ማሳው ሁሉ ስንዴ ብቻ ነበር፤ በሽታው የገባበት ማሳ አንዲት ዘለላ አላተረፈም።

ንጉሡ የአገሩን ነቢይት አስጠራ። እርሷም ዓይኗን ጨፍና፣ «የሚያድናችሁ የጣላችሁት እህል ነው፤ የምታመጣውም ለቃሚዋ ናት» አለች።

መኳንንቱ ግራ ተጋብተው እርስ በርስ ተያዩ። በንጉሡ ጎተራ ስንዴን ከገብስ የምትለቅም ኑማሪት የምትባል ወጣት ነበረች፤ ከሰፌዷ ላይ ባዕድ ፍሬ አምልጧት አያውቅም። እርሷን አስመጧት።

«ልጄ፣ የጣልነው እህል የትኛው ነው?»

«ንጉሥ ሆይ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። እኔ የምጥለው የተቀላቀለውን ነው። ቅይጥ የሚዘሩ ሰዎች በኡልማ ሸለቆ ነበሩ ይባላል፤ አያትዎ ያባረሯቸው።»

ንጉሡ አንገቱን ደፋ። «እንግዲያስ ሂጂ» አላት።

«በሰማይና በምድር እምላለሁ፤ ዘሩን ሳልይዝ የእናቴን ደጅ አልረግጥም!»

ደርበት የተባለ ጦረኛ አብሯት ወጣ። ዘጠኝ ቀን ተጉዘው ሸለቆው አፍ ላይ ሲደርሱ ጭጋግ ዋጣቸው፤ ቀኝና ግራቸው ጠፋባቸው። ደርበት ወደ ፊት የሄደ እየመሰለው ሦስት ጊዜ ከአንድ ቋጥኝ ጋር ተላተመ።

«ኑማሪት፣ እየገባን ነው ወይስ እየወጣን?»

«እኔም አላወቅሁም። ብቻ ድምፅህን አታጥፋ።»

ድንገት ጭጋጉ ሳሳ። ስንዴና ገብስ ተቀላቅሎ የበቀለበት ማሳ በፊታቸው ተዘረጋ። ዙሪያውን ተጠምጥሞ የተኛው ሰውነቱ ደመና የሆነ አውሬ ነበር፤ ስሙን ለሸለቆው የሰጠው ኡልማ። ደርበት ጦሩን ወረወረ። ጦሩ በአውሬው ውስጥ አልፎ ከወዲያ ወደቀ።

«ገበሬዎቼን ስታባርሩ እህሉን የጠበቅሁት እኔ ነኝ» አለ ኡልማ። «ለቃሚዋ ሆይ፣ ውሰጂ። የምትለዪበትን ዓይን ግን ለእኔ ተዪ። ከእንግዲህ ፍሬን ከፍሬ፣ ፊትንም ከፊት አትለዪም።»

«የእኔን ውሰድ!» ሲል ደርበት ጮኸ።

«አንተ መች ለይተህ ታውቃለህ?»

ኑማሪት ሐሳቧ ተዘበራረቀ። የእናቷን ፊት ካላወቀች አገሩን የምታድነው ለማን ነው? እንቢ ካለችስ እናቷ ምን ልትበላ ነው? የትኛው ትክክል እንደ ሆነ ሳይገባት፣ «ይሁን» አለች። ዞር ስትል የደርበት ፊት ባዳ ሆነባት።

ዘሩን ይዘው ተመለሱ። ንጉሡ የአባቶቹን ሕግ ሽሮ ቅይጡ በመላ ዘምራን ተዘራ። በሽታው ዳግመኛ መጣ፤ ስንዴውን ቢያጠቃም በመካከሉ ያለው ገብስ አገደው፤ የተረፈው እህል አገር መገበ። በምስጋናው ቀን ሕዝቡ የድብልቁን ዳቦ ከፍ አድርጎ በኑማሪት ስም ዘመረ። እርሷ ግን ከመድረኩ ሆና አንድ ፊት ብቻ ሺህ ጊዜ የተደጋገመ ያህል አየች።

አንዲት ሴት እያለቀሰች መጥታ አቀፈቻት።

«ይቅርታ እማማ፣ ማን ነዎት?»

ሴትዮዋ ደነገጠች። ከዚያም ቀስ ብላ፣ «እናትሽ ነኝ፣ ልጄ» አለች።

ኑማሪት ድምፁን ያወቀችው መሰላት፤ እርግጠኛ ግን አልነበረችም። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል እንዳታጣት ግን እጇን ያዘች፤ እስኪመሽም አልለቀቀችውም።