ኪስ ውስጥ የተደበቀው ሜትር

ባለሱቁ የሞተው በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ ሱቁ፣ በመጋረጃ በተከለለችው የልብስ መሞከሪያ ውስጥ ነው። መጋረጃውን ገልጦ ያገኘው ልብስ ሰፊው ነበር፤ ከቅጥነቱ የተነሣ ሰፈሩ «መርፌ» የሚለው ሰው። ክር ሊገዛ ወጥቶ ሲመለስ ጌታው በግንባሩ ተደፍቷል። አንገቱ ላይ ሁለት ዙር የተጠመጠመው ደግሞ፣ ጉድ እኮ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ትቶት የወጣው የራሱ የመርፌ ሜትር!

የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ሜትሩን ፈታ፤ በጀርባው አስተኝቶ ጆሮውን ደረቱ ላይ አድርጎ አዳመጠ፤ ትንፋሽ የለም። ከዚያ ፍርሃት ያላሰበውን አሠራው። ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ኡኡታውን አቀለጠው።

ሱቁ የአጫጭርና የቀጫጭን ወንዶች ሱቅ ነው። ሌላ ቦታ ሸሚዙ ጉልበታቸው ላይ የሚደርስባቸው፣ «የልጆቹን ክፍል ይዩ» ተብለው አንገታቸውን የሚደፉ ሰዎች እዚህ በርካሽ ለብሰው ይወጣሉ፤ ማሳጠሪያ አይከፈልም። ባለሱቁም ከመርፌ እምብዛም ስለማይረዝም፣ መስቀያውን፣ መደርደሪያውን፣ መስታወቱን ሳይቀር ያሰቀለው በደንበኞቹ ልክ ነበር።

ፖሊስ ተጠርቶ አንዲት መርማሪ መጣች። ረጅም፣ ንግግሯ ቁጥብ ሴት ናት፤ የልብስ መስቀያው ብረት ደረቷን ሊመታት ምንም አልቀረውም።

«የታነቀበት ነገር የታለ?» አለች ሬሳውን አይታ። «የነካችሁት ነገር አለ?»

መርፌ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሜትሩ ኪሱ ውስጥ የተጠቀለለ እባብ መሰለው።

«ምንም» አለ። አንዴ ከአፉ አመለጠ፤ ሊመልሰው ቢፈልግም አልቻለም።

በሱቁ የምትሠራው ሻጭ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። «ጠዋት ተጣልተው ነበር» ብላ ወደ መርፌ ስታይ ደነገጠች። «ማለቴ፣ ስለ ሸሚዝ እጅጌ ነው! እነሱ ሁሌም ይነታረካሉ፤ ግን ይዋደዳሉ እኮ።»

«አንቺስ የት ነበርሽ?»

«ማዶ ፋርማሲ፣ ለእናቴ መድኃኒት ልገዛ። ስወጣ ጋሼ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ነበር።»

ታላቅ ወንድሙ ከውጭ ተጠራ። «ሎጋው» ነው የሚሉት፤ የሟቹን እጥፍ ማለት ይቻላል። ኡኡታውን ሰምቶ ከሰዉ ጋር ነው የተመለሰው።

«መናገር ከብዶኝ ነው እንጂ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ እንባውን እየጠረገ። «ልወጣ ስል መስታወቱ ፊት ቆሜ ፀጉሬን ሳበጥር ይህ ሰው ከኋላዬ ገባ። ፊቱ ጠቁሯል፤ ሜትሩን በሁለት እጁ ወጥሮ ይዟል። ሥራ ላይ መስሎኝ ወጣሁ። ምነው እግሬን በሰበረው!»

«ውሸት ነው! በፈጣሪ!» አለ መርፌ። ድምፁ ለራሱም የጥፋተኛ ድምፅ መሰለው። ወህኒ ቤቱ፣ ሚስቱ፣ ገና ጥርስ ያላወጣች ልጁ ባንዴ ታዩት።

መርማሪዋ መስታወቱ ፊት ሄዳ ጥቂት ቆመች። ከዚያ ሦስቱንም ወደዚያው ጠራቻቸው።

«መጀመሪያ እርስዎ» አለችው መርፌን። «ኪስዎ ውስጥ ያለውን ያውጡ። ከገባሁ ጀምሮ እጅዎ ከዚያ አልተነሣም፤ አንገትዎ ደግሞ ባዶ ነው። ሜትር አንገቱ ላይ የሌለ ልብስ ሰፊ አላውቅም።»

መርፌ ሜትሩን አወጣ። ሻጯ ጮኸች።

«አንገቱ ላይ ነበር... እኔ ፈታሁት... የኔ ስለሆነ ፈራሁ።»

«አላልኩም?» አለ ሎጋው።

«ብለዋል። የገረመኝም እሱ ነው» አለች መርማሪዋ። «ኡኡ ሲባል የመጣው ሰው ሁሉ ያየው ባዶ አንገት ነው። እኔም የሜትር ነገር አላነሣሁም። በምን እንደታነቀ የሚያውቁት የደበቀውና ያነቀው ብቻ ናቸው።»

«በመስታወት አየሁት አልኩ እኮ!»

«እንግዲያው ይምጡና ያበጥሩ።»

ሎጋው ፈገግ ለማለት እየሞከረ ቆመ። መስታወቱ ደረቱ ላይ ቆረጠው። ራሱ የለም፤ ከኋላው የቆመው መርፌም ሱሪና ጫማ ብቻ ሆኖ ታየ።

«ጎ... ጎንበስ ብዬ ነው።»

«ቅድም ቆሜ ነው ያሉኝ። እዚህ ልብስ ለክተው ስለማያውቁ መስታወቱ ለማን እንደተሰቀለ አላስተዋሉም። እርስዎ እዚህ ፀጉርዎን አላበጠሩም፤ ማንንም አላዩም። ሜትሩን ያወቁት ስለጠመጠሙት ነው።»

ሎጋው መሬት ላይ ቁጭ አለ። «የአባታችን ሱቅ ነው፣ የሁለታችን! እንሽጠው ብል ‹እነዚህ ሰዎች የት ሄደው ይልበሱ?› ብሎ ሳቀብኝ» አለ።

ይዘውት ሲወጡ መርማሪዋ ወደ መርፌ ዞረች። «ሜትሩን ደብቀው ራስዎን ሊያስበሉ ነበር እኮ!» አለችው።

መርፌ ብቻውን ሲቀር መስታወቱ ውስጥ ራሱን አየ፤ ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው ሙሉውን። መስታወቱን የሰቀሉት ከጌታው ጋር አብረው ነበር። «ዝቅ አድርገው፣ እኛም ራሳችንን እንይ እንጂ!» እያለ ሲያስቸግረው መርፌ በሳቅ ሚስማሩን ስቶ ጣቱን መትቶ ነበር። አሁን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ።