በኮምፓስ ሳጥን ውስጥ ዘጠኝ ክኒን

ዳናዊት የኮምፓሷን ሳጥን ከዴስኩ ላይ ስታነሳ ውስጡ ያሉት ክኒኖች ቆርቆሮውን መቱት። ድምፃቸው ክፍሉ ሙሉ የተሰማ መሰላት። ቶሎ ብላ ሳጥኑን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና በሁለት እጇ ጫነችው። ከጎኗ የተቀመጠችው ሙቢና ቀና እንኳ ሳትል ደብተሯ ጥግ ላይ «ቀስ በይ» ብላ ጻፈችላት።

ዘጠኝ ነበሩ። ሙቢና «ሃርሜ» የምትላቸው እናቷ አዴ አይሻ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ክኒን በእጃቸው ይሰጧታል። እሷ ውሃውን ትጠጣና ክኒኑን መዳፏ ውስጥ ታስቀረዋለች። ከቅዳሜ ጠዋት ጀምሮ እንዲህ ነው። እናቷ ቦርሳዋን ስለሚፈትሹ የምታስቀምጥላት ዳናዊት ናት። ሙቢና ክኒኑ ያደነዝዘኛል፣ ያነበብኩት አይያዝልኝም ትላለች፤ ፈተናው ደግሞ ሰኞ ነው። መጣልም አልፈለገችም። በረመዳን ያመለጠ ጾም በሌላ ቀን ቀዷ ተብሎ እንደሚወጣው፣ እሷም ፈተናው ሲያልቅ የዘለለችውን ክኒን በሙሉ ልታካክስ አስባለች። እንዲህ ስትል አንድም ጥርጣሬ አልነበራትምና ዳናዊትም ልክ ይሆናል ብላ አልፋው ነበር።

የባዮሎጂ መምህሩ ቲቸር በዛብህ ያን ቀን ቾክ አልያዙም። ክፍሉ አንድ የነርቭ ሴል ነው፣ ግድግዳው የሴሉ ሽፋን ነው አሉ። ሃያ ተማሪ በረንዳው ላይ አስወጥተው ሶዲየም ብለው ሰየሟቸው፤ ውስጥ የቀሩትን ፖታሲየም። ሙቢናን በሩ ላይ አቆሟት። ሲያጨበጭቡ ከፈተችው፤ ሶዲየሞቹም እየተጋፉ ጎረፉ። የነርቭ ምልክት የሚባለው ይህ ነው አሉ። እነዚህ ቅንጣቶች ኤሌክትሪክ ተሸክመው ሲገቡ የሴሉ ውስጥ በቅጽበት ይለወጣል፤ የአንዱ በር መከፈት አጠገቡ ያለውን ያስከፍታል፣ ያም የሚቀጥለውን። ጣታችን እሳት ሲነካ ወሬው አንጎል ዘንድ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። የሶዲየሙ በር ግን ወዲያው መዘጋት አለበት። ፖታሲየም በራሱ በር ይወጣል፣ ሴሉም ያርፋል። ፖታሲየሞቹ በመስኮት እንዲወጡ ሲታዘዙ የቶፊቅን ሱሪ ምስማር ያዘውና ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

ዳናዊት አልሳቀችም። «ቲቸር፣ በሩ በጊዜው ባይዘጋስ?» አለች።

ቲቸር በዛብህ ወደ እሷ ዞሩ። «ሴሉ ያለ እረፍት ይጮኻል። አንጎል ውስጥ ብዙ ሴሎች አንድ ላይ ከጮኹ ሰው ይወድቃል፣ ይንቀጠቀጣል። በሩ ቶሎ እንዳይከፈት ይዘው የሚያቆዩ መድኃኒቶች አሉ። በድንገት ካቋረጧቸው ግን ከበፊቱ የባሰ ሊመጣ ይችላል።»

«ክብሪት እያለ ቲቸር?» አለ ቶፊቅ መስኮቱ ላይ እንደተንጠለጠለ።

«የክብሪት ጭስ በር አይዘጋም» አሉ።

የሙቢና እጅ ከበሩ መያዣ ተላቆ የላይኛውን ከንፈሯን ነካ። እዚያ ላይ ምስር የምታክል ጠባሳ አለች። አምና በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ የሚጥል በሽታዋ ተነስቶባት ስትወድቅ፣ ክብሪት ጭሮ አፍንጫዋ ሥር የያዘ ሰው ያቃጠላት ነው። ዳናዊት ያን ጊዜ ከሸሹት አንዷ ነበረች። ከዚያ በኋላ አዴ አይሻ ልጃቸውን ዲክሲስ ከተማ አክስቷ ዘንድ ወስደው ሁለት ወር ከትምህርት አስቀሯት።

ከትምህርት ቤት ወጥተው አስፋልቱን ይዘው ሲሄዱ ሙቢና ወደ ዳናዊት ዞረች።

«ለምን ጠየቅሽ?» አለች።

«ፈራሁ።»

«ሃርሜ ከሰማች ዲክሲስ ነኝ። ፈተና የለም፣ አለቀ። አምስት ቀን ቻይልኝ፣ ዳኒ። ወላሂ ሰኞ ማታ ሁሉንም እውጣቸዋለሁ።»

«እስከዚያ ሃያ ገደማ ይደርሳሉ እኮ። በአንዴ?»

«ቀዷ ነዋ። ያለብኝን ነው የማወጣው፤ ደሞ ማታ ማታ…»

ቀሪው አልመጣም። ዳናዊት ዞር ስትል ሙቢና አስፋልቱ መሃል ቆማለች። ዓይኗ ተከፍቷል፣ የሚያየው ነገር ግን የለም። የግራ እጇ ጣቶች የሻርፗን ጫፍ ያሻሉ፣ ያሻሉ። የገብስ ጆንያ የጫነ ጋሪ ቁልቁል እየመጣ ነበር፤ ባለጋሪው ጮኸ። የዳናዊት እግሮች ለመሸሽ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። ከዚያ ተመልሳ በክንዷ ይዛ ጎተተቻት። ፈረሱ በአጠገባቸው ሲያልፍ ትንፋሹ ፊቷን ሞቀው።

«ምን እያልኩ ነበር?» አለች ሙቢና።

ዳናዊት ክንዷን ሳትለቅ ወደ መንገዱ ዳር ወሰደቻት። በዚያች ትንሽ ጭንቅላት ውስጥ አንዱ በር ሌላውን እያንኳኳ፣ ያም ሌላውን እያንኳኳ ሲሄድ ታያት። ማን እንደሚዘጋው አላወቀችም።

ሁልጊዜ የሚለያዩበት መታጠፊያ ሲደርሱ ዳናዊት አልታጠፈችም።

«ቤትሽ በዚያ ነው» አለች ሙቢና።

«አውቃለሁ።»

ሙቢና ቆመች። ሳጥኑ ያለበትን ቦርሳ አየች፣ ቀጥላም የጓደኛዋን ፊት። «ዳኒ፣ እንዳታደርጊው። በአላህ።»

«ቀዷ ለጾም ነው። ለክኒንም ይሠራ እንደሆነ አንቺም አታውቂ፣ እኔም አላውቅም። የሚያውቅ ሰው ይጠየቅ። የደበቅኩት እኔ ነኝ፣ እኔው እናገራለሁ። ዲክሲስ እንዳይልኩሽም እግራቸው ላይ ወድቄ እለምናለሁ።»

«ባትሰማሽስ?»

ሙቢና ብትወድቅ አጠገቧ ሰው እንዳይጠፋ ብላ ዳናዊት እጇን ያዘቻት፤ መራመድም ጀመረች።

አዴ አይሻ ሱቃቸው ውስጥ ሻርፕ ያጣጥፉ ነበር። ዳናዊትን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ምን እግር ጣለሽ? ለፈተናው ልታጠኑ ነው?»

«አይደለም፣ አዴ አይሻ። የምነግርዎት ነገር አለ።»

ሙቢና እጇን ከዳናዊት እጅ አስለቀቀች። ዳናዊት ባዶ በሆነው እጇ ቦርሳዋን ከፈተች፤ ሳጥኑን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ክኒኖቹ አንዴ ተንኳኩና ዝም አሉ። አውራ ጣቷን ክዳኑ ላይ አደረገች።