ለአባባ የተጻፈ አጤሬራ

አባቷ ወረቀቱን አራት ጊዜ አጥፎ ምንትዋብን እያስጨበጣት ሳለ የበሩ ደወል ጮኸ።

«ወሩም ዓመተ ምሕረቱም ተጽፎልሻል» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አባባ ከተሳሳቱ አንቺ ለሴትዮዋ ትክክለኛውን ትነግሪያታለሽ። በቃ።»

ምንትዋብ ወረቀቱን አየችው። ባለፈው ዓመት አንዲት የክፍሏ ልጅ የስፔሊንግ ፈተና ላይ መዳፏ ላይ ጽፋ ስትያዝ፣ አባቷ ግርማቸው እራት ላይ ስለ ታማኝነት አርባ ደቂቃ አስተምሯት ነበር። አሁን የጨበጠችው አጤሬራ በእሱ በራሱ እጅ የተጻፈ ነው። ጽሑፉ ደግሞ ያምራል።

«ዳዲ፣ ይሄ ቺቲንግ አይደል?»

«ቺቲንግ የእነሱ ፈተና ነው» አለና በሩን ሊከፍት ሄደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አባባ የምትላቸው አያቷ መሪጌታ ወልደ ማርያም ከኦክላንድ ባቡር ተሳፍረው፣ ሪችመንድ መስመሩ የሚያልቅበት ጋ፣ ባዶ ፉርጎ ውስጥ ተቀምጠው ተገኙ። ፖሊስ ሆስፒታል ወሰዳቸው። እዚያም በምልክትም በእንግሊዝኛም «ዓመቱ ስንት ነው?» ተባሉ። 1966 ብለው ጻፉ። «ሰዓቱስ?» ስምንት ብለው ጻፉ። በፈረንጅ 1974፣ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ነበርና በሁለቱም ላይ ኤክስ ተደረገባቸው። በሐበሻ አቆጣጠር ሁለቱም ልክ ነበሩ።

ግርማቸው ይህን ሲሰማ ለአካባቢው መስተዳድር፣ ለካውንቲው፣ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ጻፈ፣ ከነሠንጠረዡ። በርክሌ የሚጽፈው የዶክትሬት ጽሑፍ «ሊያልቅ ነው» ከተባለ አራት ዓመቱ ነው፤ ደብዳቤው ግን በአንድ ቅዳሜ አለቀ። የካውንቲዋ ሶሻል ወርከር ሚስስ ካርቨር ሽማግሌው ብቻቸውን መዋል የለባቸውም ባይ ናት። ወይ ቀን ቀን ቤት የሚጠብቃቸው ሰው ይላክ፣ ወይ ሳን ሆዜ ካለው የአረጋውያን ቤት አልጋ ይያዝላቸው አለች። ግርማቸው ሁለቱንም አልፈልግም አለ። ጠባቂ ለሕፃን ነው፤ ሳን ሆዜ ያለው ቤት ደግሞ አማርኛ የሚሰማ አንድ ሰው የለበትም። በመጨረሻ ፈተናው በሐበሻ አቆጣጠር እንዲደገም ተስማሙ። አቤቱታ የፈረመ ሰው ማስተርጎም አይችልም፤ እናቷ ውብዳር ሥራ ላይ ናት፤ ካውንቲው ፈልጎ ያገኘው ደግሞ የዐረብኛ አስተርጓሚ ነው። ስለዚህ አስተርጓሚዋ የአሥራ አራት ዓመቷ ምንትዋብ ሆነች።

ከሦስቱ ገጽ ውስጥ ያልገባ አንድ ነገር ነበር። ባለፈው ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤቱ ጋዝ ጋዝ ይሸታል። ምድጃው ተከፍቷል፤ እሳት የለም። አባባ አጠገቡ ወንበር ስበው ተቀምጠው ኪሳቸውን ይዳብሳሉ፤ ክብሪት እየፈለጉ ነው። መስኮቱን ሁሉ ከፈተች። ክብሪቱን ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አውጥታ ደበቀችው። ማታ አባቷ «ምንድን ነው የሚሸተው?» ሲላት «ሽንኩርት አርሮብኝ ነው» አለችው። ከዚያ ወዲህ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ መምህሩ የሚለው አይሰማትም። ደወሉ ሲደወል ስድስት ብሎክ መንገድ ትሮጣለች፤ ጥጉ ላይ ስትደርስ መጀመሪያ የምታየው የቤታቸውን ጣራ ነው።

ሚስስ ካርቨር ገብታ ፎርሟን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ደግ ፊት አላት፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው። አባባ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው ሶፋው ላይ ተሰይመዋል።

«ይቺ ሴትዮ ምን ፈልጋ ነው?» አሉ።

«ጥያቄ ልትጠይቅዎት ነው፣ አባባ።»

«ቅኔ ቤት ገብታለች?»

«አይመስለኝም።»

«እንግዲያው ቀስ ብላ ትጠይቅ።»

«ምን አሉ?» አለች ሚስስ ካርቨር።

«ቀስ ብለሽ ጠይቂ አሉ» አለች ምንትዋብ በእንግሊዝኛ። ሚስስ ካርቨር ራሷን ነቀነቀችና እሱንም ጻፈችው።

መጀመሪያ ሰዓት ጠየቀቻቸው። አባባ ወደ መስኮቱ ዞረው የዛፉን ጥላ አዩ። «አሥር ሊሆን ነው።» ምንትዋብ ወደ ፈረንጅ ቀየረችው፤ አራት ሊሆን ነው። ሚስስ ካርቨር ሰዓቷን አየች፤ አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ራይት አደረገች። ግርማቸው እግሩን አነባበረ።

ወሩስ?

«ጥቅምት ነዋ። ብርዱ አልተሰማትም?»

ወሩ ልክ ነበር። ሚስስ ካርቨር ራይት አደረገችና በፎርሙ ፊቷን ታራግብ ጀመር። ውጭ ፀሐዩ አስፋልቱን እያቀለጠ ነው። ምንትዋብ ስለ ብርዱ የተባለውን አልተረጎመችም።

«ዓመቱስ?»

አባባ ለዚህኛው ቀና ብለው ተቀመጡ። ሙያቸው ነው። ለሠላሳ ዓመት የደብራቸውን ጾምና በዓል እያሰሉ ያወጡ የባሕረ ሐሳብ ሰው ናቸው፤ ምንትዋብንም በጣት አንጓ መቁጠር ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። አንድ ጊዜ ያገሩ ባላባት የልጁ ሠርግ ጾም ላይ ቢወድቅበት፣ «መሪጌታ፣ ጾሙን ሁለት ቀን ገፋ ቢያደርጉልን?» ብሎ በግ ላከላቸው። በጉን መለሱት። «ጾሙን መግፋት አልችልም፤ ሠርጉን ግፉት» አሉ። ሠርጉ ተገፋ። ምንትዋብ ይህን ታሪክ መቶ ጊዜ ሰምታዋለች፤ በቅርቡ ደግሞ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ።

አውራ ጣታቸው በአንጓዎቹ ላይ ተራመደ።

«ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ዘጠኝ» አሉ። «ዘመነ ማቴዎስ።»

ምንትዋብ ሳታስበው አሰላችው። አምስት ሺህ አምስት መቶ ተደምሮበት፣ ለአራት ሲካፈል አንድ ይተርፋል፤ ማቴዎስ። ስሌቱ አንዲት እንከን የለውም። ዓመቱ ብቻ ሠላሳ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው።

ግርማቸው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ምን አሉ?» አለች ሚስስ ካርቨር።

ወረቀቱ መዳፏ ውስጥ በላብ ርሷል። ሲክስቲ ሰቨን ማለት ብቻ ነው። ሚስስ ካርቨር ትጽፋለች፤ ቦርሳዋን ይዛ ትሄዳለች። ነገ ደወሉ ይደወላል። ስድስት ብሎክ። ከዚያ ጣራው።

«ምንቴ» አሉ አባባ። አውራ ጣታቸው ገና አንጓው ላይ ነው። ድምፃቸው የመምህር አልነበረም፤ መምህር ፊት የቆመ ተማሪ ድምፅ ነበር። «ልክ አይደለም እንዴ? እስቲ ቁጠሪልኝ።»

«ሉቃስ ነው፣ አባባ» አለቻቸው። «ስልሳ ሰባት።»

አባባ እንደገና ቆጠሩ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። «ሉቃስ» አሉ በመጨረሻ። «እግዜር ይስጥሽ። አምልጦኝ ነው።» ቀጥለውም፣ «ያን ሁሉ ዓመት ማን ወሰደው?» አሉ።

ምንትዋብ ወደ ሚስስ ካርቨር ዞረች። «1929 ነው አሉ። ልኩ 1967 ነው። ያረምኳቸው እኔ ነኝ።»

የሚስስ ካርቨር እርሳስ ቆመ። ግርማቸው ዐይኑን ምንጣፉ ላይ ተከለ። ምንትዋብ ወረቀቱን ከነእጥፋቱ ጠረጴዛው ላይ፣ በእሱ ፊት አስቀመጠችው።

«አባዬ» አለችው። ትምህርት ቤት ከገባች ጀምሮ ዳዲ ነበር የምትለው፤ ቀና አለ። የቀረውን በአማርኛ፣ ቃል በቃል እየመረጠች ነገረችው። «የሐሙሱ ሽንኩርት አይደለም። ጋዝ ነው። አባባ ከፍተውት ክብሪት እየፈለጉ ነበር።»

አባባ ኪሳቸውን ዳበሱ።

«አሁን ያለችው ምንድን ነው?» አለች ሚስስ ካርቨር፤ ወደ ግርማቸው ዞራ።

ግርማቸው ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበው። ከወንበሩ የትም ባይሄድም ሩቅ መንገድ ሄዶ የመጣ ሰው መሰለ።

ምንትዋብ በእሱ ፈንታ አልተረጎመችም። አውራ ጣቷን በትንሿ ጣቷ የታችኛው አንጓ ላይ አሳረፈች። አራት ጣት፣ አሥራ ሁለት አንጓ። እስከ መጨረሻው አንጓ ትጠብቀዋለች። እሱ ካልተናገረ እሷ ትናገራለች።

ቀስ ብላ መቁጠር ጀመረች።