ለኬንጂ የቀረበው ሩዝ

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ባይደርስብኝ ኖሮ እንዲህ የሚያሳፍረኝን ነገር ፈጥሬ አላወራላችሁም ነበር።

ነሐሴ 1978 ዓ.ም.። ሎስ አንጀለስ፣ ከፌርፋክስ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐዩ ቀልጦ።

ሚስስ ሞሪታ ከሚባሉ ጃፓናዊት አሮጊት ቤት አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። የሁለታችንም እንግሊዝኛ ሰባራ ስለሆነ በደንብ እንግባባለን። ጫማ በር ላይ ማውለቅን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ፍልሰታን እየጾምኩ ነው። ዊልሻየር ጎዳና ላይ ከምሠራበት ፓርኪንግ ስመለስ አንጀቴ ታጥፏል።

ሳሎን ገባሁ...

ከልጃቸው ከኬንጂ ፎቶ ፊት ሩዝና የተቀቀለ አትክልት በትንንሽ ሳህን ቀርቧል። ሥጋ የለው፣ ቅቤ የለው። ንጹሕ የጾም ምግብ።

ለእኔ አስበው ነው አልኩ። ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ የእኔ እንዳልሆነ ልቤ ያውቅ ነበር።

አማትቤ፣ አንዲት ፍሬ ሳላስቀር በላሁት።

ሚስስ ሞሪታ ባዶውን ሳህን ሲያዩ ተንበረከኩ። ለካ የሙታን በዓላቸው ነው። የሞቱት ለሦስት ቀን ቤታቸው ይመጣሉ፣ ከዚያ እሳት ተለኩሶ ይሸኛሉ። ኬንጂን ባሕር ከወሰደው ሠላሳ ዓመቱ ነበር።

"በላልኝ..." አሉ በሹክሹክታ። "ልጄ ዘንድሮ በላልኝ።"

እኔ አንገቴን ደፋሁ።

ለጓደኛዬ ለፅጌ ደውዬ ነገርኳት። ሳቀችብኝ።

"ሶ ምን ይጠበስ፣ አንቺ ሰርክ? ጾምሽን አልፈታሽ። ኦኬ ነው፣ ዝም በይ።"

ለሚስስ ሞሪታ ሳልነግራቸው አደርኩ።

በማግስቱ ሌላ ሩዝ ቀረበ። እንዳለ ዋለ። ግን ፎቶው ፊት ያለው መቀመጫ ትራስ ሰው እንደተነሣበት ጎድጉዶ ነበር።

ነካሁት... ሞቅ ይላል።

በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ትራሱ ከቦታው የለም።

የእኔ ክፍል በር ሥር ነበር።

ሚስስ ሞሪታ ደጃፉ ላይ መሸኛውን እሳት ሊለኩሱ ተቀምጠዋል። ደስ ብሏቸዋል፤ ፀጉራቸውን እንኳ ተሠርተዋል። ከዚህ በላይ ሆዴ አልቻለም።

"ሩዙን የበላሁት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ክብሪቱን መሬት ላይ አስቀመጡት።

"ታዲያ..." አሉ ቀስ ብለው። "ሳይበላ እንዴት እሸኘዋለሁ?"

ትተውኝ ገቡ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

ትራሱን ተሻግሬ የክፍሌን ቁልፍ ከፈትኩ። ጠዋት ሽሮዬን በእንጀራ አቅርቤ፣ ከድኜ፣ በሩን ቆልፌ ነበር የወጣሁት።

ክዳኑን አነሣሁ።

ከማዶ በኩል ያለው እንጀራ በሥርዓት ተቆርሶ ተበልቷል።

በእኔ በኩል ያለውን... አልነካውም። እኩል ግማሹን ትቶልኛል።