መሃል ላይ የተነፈሰው ሰው

በዚያ ዓመት ዝናቡ ሳያባራ ሦስት ወር ዘለቀ። የልጅቷ አባት የሚሠራበት መጋዘን ግማሹን ጫኝ አሰናበተ። በሁለተኛው ወር አባቷ ጆንያ እንዳነሳ እዚያው ተንበረከከ፤ ከእምብርቱ በታች ያለው ጡንቻ ተቀድዶ አንጀቱ በቆዳው ሥር ገፍቶ ነበር። ሐኪሞቹ ቀደዱት፣ ሰፉት፣ ወደ ቤት መለሱት። እናቷ የልብስ ስፌት መኪናዋን ሸጠች። ምሳ ቀረ።

ቁስሉ ሲደርቅ ልጅቷ አባቷን ደግፋ በየሳምንቱ ክሊኒክ ትወስደው ጀመር። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ወጣት ናት፤ አነጋገሯ ግን ቁርጥ ያለ ነው። በጀርባው አስተኛችው፣ ጉልበቱን እንዲያጥፍ አደረገች፣ የገዛ እጁን ሆዱ ላይ አስቀመጠችለት።

«አሁን ትከሻዎን ትንሽ ከፍ ያድርጉ።»

አባቷ ጉንጩን ነፍቶ፣ ጥርሱን ነክሶ ተነሳ።

«ኧረ ቀስ! ለምን ትንፋሽዎን ያፍናሉ?»

«ጉልበት የሚገኘው ከዚያ ነዋ።»

«ይንኩት እስቲ። ሲያፍኑት ሆድዎ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ግፊቱ መውጫ ሲያጣ የሳሳውን ቦታ ይፈልጋል። አሁን ሲነሱ በአፍዎ ቀስ ብለው ያውጡት።»

«ፉ...» አለ አባቷ እያፈረ። በእጁ ሥር ሆዱ ወደ ውስጥ ተሰበሰበ፤ ጎንና ጎኑ እንደ ቀበቶ ጠበቅ አለ። እጁን ከሆዱ ሳያነሳ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተከለ።

ምን እንዳሰበ ለልጅቷ ገባት። አባቷ የጫኞች አለቃ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት «ትንፋሽ ያዝ!» እያለ ነው ያስነሳቸው፤ ጆንያው ክምሩ ላይ እስኪያርፍ መተንፈስ ክልክል ነው። መሃል ላይ የተነፈሰ ሁለተኛ ጆንያ ይጫንበታል፣ ይሳቅበታል። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ጫኝ «አለቃ፣ ትንፋሼን ስይዝ ሆዴን ከታች ይወጋኛል» ብሎ ነበር። አባቷ «ጎማው ተነፈሰ!» ብሎ ሰው ሁሉ ፊት ሁለተኛውን ጆንያ ጫነበት። ሰውየው በዚያው ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ከባድ ነገር አንስቶ አያውቅም።

ያ ሰው አሁን የልጅቷ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነው። ስሙም ከመጋዘን ተከትሎት መጣ፤ ተማሪው ሁሉ ጋሽ ጎማው ይለዋል፤ ለምን እንደሆነ ግን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። አባቷ አንድም ቀን ለወላጅ ስብሰባ በዚያ በር ገብቶ አያውቅም።

ከክሊኒክ ሲወጡ «የሰማሽውን ለማንም እንዳትተነፍሺ» አላት።

ረቡዕ የስፖርት ፈተና ነበር፤ በሁለት ደቂቃ የቻሉትን ያህል ሲት አፕ፣ ማለትም በጀርባ ተኝቶ ቀና ማለት፣ በሩ አጠገብ ባለው ሣር ላይ። ጓደኛዋ ትንፋሿን አፍና ሃያ ሁለት ላይ ፊቷ ቀልቶ ተዘረረች። ልጅቷ ስትወርድ አየር እየሳበች፣ ስትነሳ «ፉ» እያለች አርባ አንድ ደረሰች።

«አቦ፣ ሻማ ነው እንዴ የምታጠፊው?» አለቻት ጓደኛዋ እግሯን እየለቀቀች። «ሼም የለሽም፣ ክላሱ በሙሉ እኮ እየሳቀ ነው!»

«ይሳቁ። ቁጥሩን ጻፊ።»

ወደ ቧንቧው ስትሄድ ዘበኛው ጠራት።

«ልጄ፣ ስትነሺ ትተነፍሻለሽ።»

«አዎ ጋሼ።»

«ማን አሳየሽ?»

«ክሊኒክ ነው ያየሁት።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እና እነሱ... መተንፈሱ ስንፍና ነው አላሉም?»

መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። የአባቷ ፊት መጣባት።

«እኔ እንጃ ጋሼ» አለች።

«እኔም እንጃ» አለ ዘበኛው። ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ስድስት ዓመት አሰብኩት። ሚስቴ እንኳ ሰነፍ ነህ ስትለኝ መልስ የለኝም።»

ውሃውን ሳትጠጣ ተመለሰች።

ማታ አባቷ ወለሉ ላይ ልምምዱን ሲሠራ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ዘበኛው ጠየቀኝ። ዋሸሁት።»

«ደግ አደረግሽ።»

«አላደረግሁም። ሁለተኛ አልዋሸውም። እስከ አርብ አንተ ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ። ብትመታኝም።»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ሰብስቢ!» ቀና ሊል ሞከረ፤ ቁስሉ ያዘው። «ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ስጎዳ ኖርኩ ብዬ ልናገር? በየት አፌ?»

«ጎማው ባልክበት አፍህ» አለች።

አባቷ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አልጋው ባዶ ነበር። አመሻሽ ላይ ግድግዳ እየያዘ ገባ። ኮቱን ምስማሩ ላይ ሰቅሎ ተኛ።

አርብ ጠዋት ኮቱን ለብሶ ደጅ ጠበቃት። የአሥር ደቂቃውን መንገድ ግማሽ ሰዓት ሄዱት። ተማሪው ግር ብሎ የሚገባበት ሰዓት ነበር። ዘበኛው ሲያየው ከወንበሩ ተነሳ።

«አለቃ» አለ፤ ከልማድ ያመለጠ ቃል ነው።

«አለቃ አትበለኝ። ልክ የነበርከው አንተ ነህ።»

«ቀስ በል፣ ልጆች ይሰማሉ።»

«ይስሙ። በሰው ፊት ነው ያዋረድኩህ። ሆዴን ይወጋኛል ብለህ ነግረኸኛል፤ እኔ ጆንያ ጨመርኩብህ። መተንፈስህ ስንፍና አልነበረም። አላዋቂው እኔ ነበርኩ። በድዬሃለሁ።»

ጥቂት ተማሪዎች ቆም አሉ። ልጅቷ ፊቷ ሲግል ተሰማት፤ ከአባቷ ጎን ግን አልተንቀሳቀሰችም።

ዘበኛው ወንበሩን ሳበለት። «ተቀመጥ፣ መቆም አቅቶሃል።»

«ቆሜ ነው የምጨርሰው። ትናንት መጋዘን ሄጄ ለጫኞቹ ነግሬያቸዋለሁ። የሁለተኛው ጆንያ ቅጣት ቀርቷል። አሁን የቀረችኝ ሚስትህ ናት።»

ዘበኛው ጉሮሮውን ጠረገ። «እሷ... ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ ይዛልኝ ትመጣለች።»

«እጠብቃታለሁ» አለ አባቷ። ያን ጊዜ ተቀመጠ።

ስድስት ሰዓት ላይ ልጅቷ ከክፍሏ መስኮት ወደ በሩ አየች። አባቷ ወንበሩን ተደግፎ ቆሞ ይናገራል፤ ድምፁ አይሰማም። ሴትየዋ አንድ ጊዜ እሱን፣ አንድ ጊዜ ባሏን አየች። ከዚያ የምሳ ዕቃውን መሬት ላይ አስቀምጣ የባሏን ትከሻ በሁለት እጇ ያዘች።